የላይኛው መስክ ድንጋዮች

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል የአየርላንዷ ደሪናቦይ መንደር ሰው ግማሽ ያህሉ ወደ ላይኛው መስክ ወጣ። ፊንታን ስከሊ የትራክተር ተጎታች ላይ ቆሞ ይቆጥራቸው ነበር፤ ሁለት መቶ ሲደርስ ተወው። የቁፋሮው የመጨረሻ ቀን ነው። ድንኳኑ ሥር በተደረደሩት ሦስት ሰፋፊ ገንዳዎች ዙሪያ የትምህርት ቤት ልጆች እጅጌያቸውን ሰብስበው ነጫጭ ድንጋዮችን በጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ። ውሃው ወተት መስሏል።

"ፊንታን፣ የኔን እያት! ውስጧ ያበራል" አለች አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ።

"አራት ሺህ ዓመት ሙሉ አንቺን ስትጠብቅ ነው የቆየችው" አላት።

ልጅቷ አመነችው። ሰው ያምነዋል። ሙያው ይህ ነበር።

ወጣት ሳለ እንደ ሌሎቹ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍሮ፣ ለክቶ፣ ዘገባውን ጽፎ ለመሥሪያ ቤት የሚያስገባ ሰው ነበር። ያን ዘገባ ከእርሱና ከአራሚው በቀር ማንም አያነበውም። በሠላሳ ዓመቱ፣ መሃል አገር፣ ለመንገድ ሥራ በተቀደደ ኮረብታ ላይ አሥራ አንድ ወር የለፋበትን የጥንት ሰዎች መኖሪያ ዶዘር በአንድ ጠዋት ጠረገው። ከአካባቢው ሰው አንድም የተቃወመ አልነበረም። ምን እንደሆነ ማን ነግሯቸው ይቃወማሉ? ያን ዕለት ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ከእንግዲህ ለሰው ሳላሳይ አንድ አካፋ አፈር አላነሳም ብሎ ለራሱ ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በየክረምቱ እየተዘዋወረ መንደርተኛን ከነልጁ ሲያስቆፍር ኖሯል። የእሑድ ጠዋት የሬዲዮ ዝግጅቱን ሰው ቁርሱን እየበላ ይሰማዋል። ዩኒቨርሲቲ የቀሩት ጓደኞቹ "ሰርከሰኛው" ይሉታል፤ ይህንንም ያውቃል። ግን የእነሱን ዘገባ ዛሬም የሚያነበው አራሚው ነው።

ባዲስ መንደር ሥራ ሲጀምር አንድ ልማድ ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ሰዉን አዳራሽ ሰብስቦ የቦታውን ስም ይፈታል። ሰው የገዛ መንደሩ ስም ሲፈታለት ልቡ ይከፈታል ይል ነበር። ደሪናቦይ ላይም እንዲሁ አደረገ። የመንደሩ ሰው ይህን ቦታ "የላይኛው መስክ" ከማለት በቀር ሌላ ስም አይጠራበትም፤ የድሮው ካርታ ግን "ኪሊን" ይለዋል። ኪሊን ማለት፣ አለ ፊንታን በሙሉ ድምፁ፣ በአባቶቻችን ቋንቋ ትንሽ ጫካ ማለት ነው። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። እሑድ ደግሞ ያንኑ በሬዲዮ ደገመው።

ቁፋሮው ሲጀመር ከሣሩ ሥር የተበተኑትን ነጫጭ ድንጋዮች አየ። ከጥንት የድንጋይ ክምር ተንከባለው የመጡ ናቸው ብሎ ፈረደ። ክምሩ ከታች እስኪገኝ እያንዳንዳቸውን መለካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ለልጆች ግን ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ባልዲውን ቀድሞ ለሞላ ባጅ እሰጣለሁ አለ። ልጆቹ እንደ ዶሮ ጫጩት ተበተኑ። በአንድ ጠዋት መስኩ ላይ ነጭ የሚባል ነገር አልቀረም።

ወይዘሮ አትራክታ ጊልዴ ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበሩ። ዳሌያቸው በቀዶ ጥገና ተቀይሮ ሦስት ሳምንት ተኝተው የተመለሱት አርብ ማታ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የወንድማቸው ልጅ በመኪና እስከ መስኩ በር አመጣቸው፤ ከዚያ ወዲያ በምርኩዝ ብቻቸውን መጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ለዝናብ የሚለበሰውን ሰማያዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ገንዳዎቹ አጠገብ ሲደርሱ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ነጫጮቹን ማን አነሳቸው?"

"ልጆቹ ናቸው፣ ወይዘሮ ጊልዴ" አለ ፊንታን፤ ስማቸውን ድንኳኑ ውስጥ ሲጠራ ሰምቷል። "አራት መቶ አሥራ ሁለት። አንድ እንኳ አልጠፋም።"

"አልጠፋም" አሉ፤ ቃሉን ደገሙት። ከዚያ፣ "ከነሱ አንዱ የኔ ነው።"

ፊንታን ፈገግ አለ። "ይገርምዎታል፣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ሕጉ አይፈቅድልኝም እንጂ ..."

"ስጠኝ አላልኩህም። የኔ ነው ነው ያልኩህ።"

ክንዳቸውን ይዞ ድንኳኑ ጀርባ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ከሸራው ማዶ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል። ወይዘሮ ጊልዴ ምርኩዙን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ በዝግታ ተናገሩ።

"የዛሬ አርባ አንድ ዓመት፣ በኅዳር። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ካላለቀሰ አይጠመቅም፤ ካልተጠመቀ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይገባም። ያን ጊዜ እንዲያ ነበር። ባሌ ጃርላት ከጣውላ ሳጥን ሠርቶ ይዞት ወጣ። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። ሲመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከእሾሁ ዛፍ ወደ ሐይቁ ሦስተኛው ነው፣ የዳቦ ጉርድ የመሰለ ነጭ ድንጋይ አድርጌበታለሁ አለኝ። ከዚያ ጃርላት እስኪሞት ድረስ ነገሩን አንስተን አናውቅም። ሆድ ይፍጀው ብለን ኖርን።"

ፊንታን ካርታው ታየው። ኪሊን። ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንደኛው ትንሽ ጫካ፣ ሁለተኛው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። በአባቶች አፍ ይለያያሉ። ካርታ አንሺዎቹ እንግሊዞች ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፏቸው። ሁለተኛው ቃል ደግሞ በዚህ አገር ሌላ ትርጉም አለው፤ ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ ሕፃናት በጨለማ ተወስደው የሚቀበሩበት ቦታ። ይህን የማያውቅ የአየርላንድ አርኪዮሎጂስት የለም። እርሱም ያውቃል። ለተማሪዎች አስተምሮታል።

"ለማንም ተናግሬ አላውቅም" አሉ ወይዘሮ ጊልዴ። "ላንተ ለምን እንደነገርኩህም እንጃ። ሁልጊዜ በሬዲዮ ስለምሰማህ የማውቅህ መስሎኝ ይሆናል።"

"ምን ላድርግልዎት?"

"ድንጋዩን ከነበረበት መልሰው። ሌላ ምንም አልፈልግ። በመንገዱ ሳልፍ ከዛፉ ጀምሬ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከመቁጠር ሌላ ያደረግኩለት ነገር የለም።" ቀና ብለው አዩት። "ከሥሩስ? ነክታችሁታል?"

ከሸራው ጠርዝ ባሻገር የእሾሁ ዛፍ ይታያል። ረጅሙ ጉድጓድ ከዛፉ ሥር ተነስቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በጉድጓዱ ወለል ላይ ጥቁር አፈር የሞላባቸው አሥራ አንድ ቀዳዳዎች አግኝተው ነበር፤ እያንዳንዱ ከክንድ አይበልጥም። የድሮው ጫካ ሥሮች የነበሩባቸው ናቸው ብሎ የአሥራ አንዱንም አፈር አስወጥቷል። አፈሩን በወንፊት ያበጠሩት ልጆቹ ናቸው።

"አልነካንም" አለ። ቃሉ የወጣው ከሐሳቡ ቀድሞ ነው።

"እግዜር ይስጥህ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ።"

ፊንታን የመዝጊያ ንግግሩን በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። ሰዉ ሲበተን የመስኩን ባለቤት ፌስቲ መላቪን ፍለጋ ሄደ። ፌስቲ ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ላጤ ገበሬ ነው፤ በሩ አጠገብ ትራክተሩ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል።

"ፌስቲ፣ ይህ መስክ ምንድን ነው?"

"አንተው ነግረኸን የለ። ትንሽ ጫካ።"

"እየቀለድኩ አይደለም።"

"እኔስ እየቀለድኩ ነው?" ፌስቲ ሳንድዊቹን በወረቀቱ መልሶ ጠቀለለው። "አትራክታ ነገረችህ ማለት ነው። እንግዲህ ከኛ ሁሉ ወንድ እሷ ናት።"

"ለምን አይታረስም ብዬ ጠይቄህ ነበር። ድንጋይ ይበዛበታል አልከኝ።"

"አይበዛበትም እንዴ? አራት መቶ ምናምን ለቅመህ?"

"ፌስቲ!"

"እሺ፣ ምን ልበልህ ኖሯል? አዳራሹ ውስጥ መቶ ሰው ሰብስበህ ትንሽ ጫካ ነው ስትል ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አየሁ እኮ። ከመሃላችን አንዱ እጁን አውጥቶ፣ ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ እናቴ ሞቶ የተወለደባት ልጅ እዚያ ነው እንዲልህ ነበር የጠበቅከው? ጎረቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ?"

"ልጆቹ ባልዲ ሲሞሉ ቆመህ ታይ ነበር።"

"ቆሜ አይ ነበር።" ፌስቲ ወደ ሐይቁ ዞረ። "ሁለት እህቶች አሉኝ እዚያ። መንታ። ከኔ በፊት የመጡ ናቸው፤ አላየኋቸውም። አባቴ ሲሞት ነው የነገረኝ፤ አሳይቶኝም ነበር። ከአጥሩ ግንብ በኩል፣ ጎን ለጎን።" የተጠቀለለውን ሳንድዊች ኪሱ ከተተ። "እውነቱን ልንገርህ? ትንሽ ጫካ ስትል ደስ አለኝ። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ በሬዲዮ ታወራለህ። ካርታውን አየህ። ምናልባት እኛ ተሳስተን ይሆናላ አልኩ። ለሁለት ሳምንት ጫካ ሆነልኝ። ከብቶቼን ላሰማራበት ምንም አልቀረኝም ነበር።"

ፊንታን ወደ ተሳቢ መኪናው ገብቶ መዝገቦቹን ዘረጋ። ረዳቱ ኤትና፣ ስድስት ክረምት አብራው የሠራች ሴት፣ በሩ ላይ ቆማ የነገራትን ሁሉ ሰማች። የፈለገው ገጽ ሦስተኛው መዝገብ ላይ ነበር፤ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፦ "የላይ አፈር። ነጭ ድንጋይ። ሥፍራቸው አልተለካም።" ድንጋዮቹ በተለቀሙበት ጠዋት የተነሳ አንድ ፎቶ ነበር፤ የወረዳው ጋዜጣ አትሞታል። ልጆቹ ገና ባልዲያቸውን ይዘው ሲሮጡ፣ ከኋላቸው መስኩ ይታያል። ከእሾሁ ዛፍ እስከ ሐይቁ ያለውን ቦታ ግን እጁን ዘርግቶ የሚስቅ ሰው ሸፍኖታል፤ ሰውዬው ራሱ ነው።

"የሥር ቀዳዳ ሁሉ ለምን እኩል ይሆናል፣ ለምንስ በመስመር ይሄዳል ብዬህ ነበር" አለች ኤትና።

"ብለሽኝ ነበር።"

"የተተከለ ጫካ ነው አልከኝ። ማን እንደተከለው አልነገርከኝም።"

"አጥንት አልወጣም እኮ" አለ። ይህን እንዳለ ራሱ መልሱን ያውቀዋል። የዚህ አገር አፈር ኮምጣጣ ነው፤ የጎልማሳ አጥንት እንኳ አያስተርፍም። ለሕፃን ሃያ ዓመት አይታገስም። እዚህ መስክ ላይ የቀሩት ድንጋዮቹ ብቻ ነበሩ።

"ሰኞ ዳብሊን ላለው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንጽፋለን" አለች ኤትና። "ሴትዮዋንም እውነቱን ትነግራታለህ። ድንጋይዋን አላውቀውም፣ ቦታውንም ባዶ አድርጌዋለሁ ትላታለህ።"

"አላውቅም ልበላት?"

"ምን ችግር አለው?"

"ሃያ አምስት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም ብዬ አላውቅም።"

ኤትና መዝገቡን ዘጋችው። እሑድ ጠዋት፣ ሬዲዮው ቀድሞ የተቀዳ ድምፁን ሲያሰማ፣ ፊንታን ብቻውን መስኩ ላይ ነበር። የተበጠረውን አፈር በጋሪ እያመላለሰ አሥራ አንዱን ቀዳዳዎች ከነጉድጓዱ ሞላ። የትኛው አፈር ከየትኛው እንደወጣ ለማወቅ አልሞከረም። ሣሩን መልሶ በእግሩ ጠቀጠቀ። ከዚያ ገንዳዎቹን ገልብጦ ድንጋዮቹን ሣር ላይ ዘረገፈና የዳቦ ጉርድ የሚመስል ፈለገ። ሰባት አገኘ። አንዱ በጣም ትልቅ ነበር። ሁለቱ ወደ ቢጫ ያደላሉ። ከቀሩት አራት አንዱን በመዳፉ መዝኖ ያዘና ከዛፉ ሦስተኛው ቦታ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ጊዜ አዟዟረው፤ አንዴ ጠፍጣፋው ወደ ሐይቁ፣ አንዴ ወደ መንገዱ።

ወይዘሮ ጊልዴ ቅዳሴ እንዳለቀ መጡ። ሰማያዊውን ካፖርት ትተው ጥቁር ለብሰዋል። ሣሩን እያዩ ዝግ ብለው ተራመዱ፤ ከንፈራቸው ሲቆጥር ይታየዋል።

"ይህ ነው?"

"ይህ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ይህን ጥያቄ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጠይቆታል፤ በየመንደሩ፣ በየአዳራሹ። መልሱ ከአፉ ሲወጣ ሁልጊዜ የነበረውን ያን ሞቅ ያለ ድምፅ ይዞ ወጣ። "እርግጠኛ ነኝ፣ ወይዘሮ ጊልዴ።"

ጎንበስ ለማለት ዳሌያቸው እንቢ አላቸው። ፊንታን ደገፋቸው። ጓንታቸውን አውልቀው ድንጋዩን ዳሰሱት፤ እንደ ግንባር ነበር የዳሰሱት።

"በጣም ነጥቷል" አሉ።

"ታጥቦ ነው።"

"ተለቅ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከመንገድ ሲያዩት ይሆናል።" ቀና አሉ። እንባ አልነበራቸውም። ጓንታቸውን መልሰው ሲያጠልቁ፣ ጣታቸው እየተሳሳተባቸው፣ "ከጎኔ ለተቀመጠችው ነገርኳት" አሉ። "ቅዳሴው መሃል። ልቤ ቀለለኝ መሰለኝ፣ ዝም ማለት አቃተኝ። ከስንት አንድ ጊዜ የሚያውቅ ሰው ተገኝቷል፣ ሁሉም ተመዝግቦ ተቀምጧል አልኳት። እሷም እዚህ አንድ አላት። ለኋለኛው ወንበር ነገረች።"

ፊንታን ወደ በሩ ዞረ። መንገዱ ዳር መኪናዎች ቆመዋል። ከበሩ ወዲህ አሥራ አራት ያህል ሰዎች፣ የቅዳሴ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ራቅ ብሎ ቆሟል። አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨቡለት ፊቶች ናቸው። ማንም ማንን አያይም። ኤትና ከተሳቢ መኪናው ወጥታ እሱን ለአፍታ አየችው፤ ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ በነሱ መሃል አልፋ ሄደች።

መጀመሪያ የመጣው ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሽማግሌ ነበር። "ወንድሜ ነው" አለ። "ከግንቡ ሁለተኛ። የኛው ጥቁር ነጥብ ነበረበት።"

ፊንታን ሊናገር አፉን ከፈተ። ወይዘሮ ጊልዴ ከጎኑ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ እንደሚያኮራ ዘመድ ያዩታል። ጎንበስ ብሎ ከተዘረገፈው ክምር ጥቁር ነጥብ ያለበት ፈለገ። አገኘ። ሽማግሌው ባርኔጣው ውስጥ ተቀበለው።

ቀጥሎ አንዲት ሴት፤ እናቷ ሞታለች፣ ወደ ሐይቁ መሆኑን ብቻ ነው የምታውቀው። ወደ ሐይቁ ወስዶ አስቀመጠላት። ከዚያ ባልና ሚስት፤ ባልየው መንገድ ላይ ቀርቶ ሚስትየዋ ብቻ ገባች። ከዚያ ሦስት ወንድማማቾች፤ እርስ በርስ በቦታው አልተስማሙም፣ እሱ አስማማቸው። ድምፁ አልከዳውም። እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፣ ይህ ነው ይላል፣ ሰዎቹም አዎ ይህ ነው ይላሉ፤ አንዳንዱ ድንጋዩን በልጅነቱ ያየው መሆኑን አሁን ትዝ አለኝ ብሎ ያወራለታል። ጥቂቶች ተንበርክከው ጸለዩ። እኩለ ቀን ሲያልፍ መስኩ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ ነጭ ነገር ይታይ ጀመር።

መጨረሻ ላይ የቀረው ፌስቲ ነበር። ጥቁር የቅዳሴ ኮቱ ትከሻው ላይ ጠቦታል። ተራውን ጠብቆ ክምሩ ፊት ቆመ።

"ሁለት" አለ።

ፊንታን ወደ እሱ ጠጋ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፌስቲ፣ የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም" አለው። "የማንንም አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ባልዲ ሲሞሉ ቆሜ አይ ነበር አላልኩህም?" ፌስቲ ዞር ብሎ የተንበረከኩትን አየ። "ቀስ በል፣ ይሰሙሃል። ሁለት ስጠኝ።"

ፊንታን ጎንበስ ብሎ ሁለት መረጠ። አንደኛው ከሌላው ያንስ ስለነበር መልሶ አስቀመጠውና የሚመጣጠን ይፈልግ ጀመር።